ጅማ–አጋሮ መንገድ ላይ ንፋሱ ሄልሜቴን እየናጠው ነው፦ መስታወቱ ላይ ዲፍሌክተር ልጨምር ወይስ መስታወቱን ላውልቀው?

የአጋሮ መንገደኛ (ጠያቂ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ ነው። ሥራዬ ቡና ላይ ስለሆነ ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን ሞተር ላይ ነኝ፤ አጋሮ፣ ጌራ፣ አልፎ አልፎም በሰርቦና በአሰንዳቦ በኩል እስከ ሰኮሩ። ሞተሬ ቦክሰር 150 ነው። ደረቴን የሚመታኝ ንፋስና የክረምቱ ዝናብ ሲበዛብኝ መሪው ላይ በሁለት ክንድ የሚታሰር ሰፊ የፕላስቲክ መስታወት አስገጠምኩ። ደረቴ በእውነት አረፈ። ዝናቡም ጃኬቴን አልፎ ሸሚዜ ድረስ መግባቱ ቀረ።

ችግሩ ጭንቅላቴ ላይ ነው። እስከ 60 ሰላም ነው። 70 ሲያልፍ ሄልሜቴ ግራ ቀኝ መናጥ ይጀምራል፤ 80 ላይ ከፊቴ ያለው መኪና ታርጋ እስኪደበዝዝብኝ ድረስ ያንቀጠቅጠኛል። አጋሮ ደርሼ ስወርድ አንገቴ ደርቋል፣ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ጩኸትም ቶሎ አይለቀኝም። መስታወቱ ሳይኖረኝ ንፋሱ ከባድ ነበር እንጂ እንዲህ አይንጠኝም ነበር። መከላከያ ጨምሬ ንፋሱ የሚብሰው እንዴት ነው?

ኢንተርኔት ላይ መስታወቱ ጫፍ ላይ በመቆንጠጫ የሚያዝ ትንሽ ተጨማሪ መስታወት አየሁ፣ ዲፍሌክተር ይሉታል። ቁመቴ 1 ሜትር ከ83 ነው። ቁጭ ስል የመስታወቱ ጫፍ ከአገጬ ትንሽ ዝቅ ይላል። የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ በዚህ ሁኔታ ሰኔን መግባት አልፈልግም።

ከጅሬን

ወንድሜ አውልቀውና ተገላገል። እኔ ያለ መስታወት ነው የምነዳው። ንፋሱ ደረትህን ይገፋሃል፣ ግን አንድ ዓይነት ግፊት ነው፣ ትለምደዋለህ። የሚያደክመው የሚወዛወዘው ነው። ደግሞ ጌራ ስትሄድ ፒስታ አለ አይደል? ፒስታ ላይ ቆመህ ስትነዳ የዚያ ፕላስቲክ ጫፍ ጉሮሮህ ፊት ለፊት ነው የሚሆነው። ጉድጓድ ገብተህ ወደፊት ብትወድቅ ምን እንደሚያገኝህ አስበው።

ኪቶ ፉርዲሳ

ሰላም። ሜካኒካል ነው ያጠናሁት፣ ሞተርም እነዳለሁ። «መከላከያ ጨምሬ እንዴት ባሰብኝ» ላልከው መልስ አለው፣ ቀስ ብዬ ላስረዳህ።

የንፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ60 ወደ 90 ስትጨምር ፍጥነትህ በግማሽ ቢጨምርም ግፊቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል፣ 2.25 እጥፍ። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ከወገብ በላይ ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ለንፋስ ይሰጣል እንበል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ትንሽ ይሳሳል። ያንን ቀንሼ እንኳ ሳሰላው በ60 ወደ 7 ኪሎ፣ በ90 ወደ 16 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ደረትህን ይገፋሃል። መስታወቱ የወሰደልህ ይህን ነው። ትልቅ ነገር ነው፣ አታቃለው።

ግን አየሩ የትም አልሄደም። መስታወቱን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣና ጫፉን ሲለቅ ይሰበራል። ከመስታወቱ ኋላ፣ ማለትም አንተ በተቀመጥክበት በኩል፣ ግፊቱ ዝቅ ያለ ኪስ ይፈጠራል። ጫፉን አልፎ የመጣው ፈጣን አየር ያንን ኪስ ሊሞላ ወደ ታች ሲጠማዘዝ እሽክርክሪት ይሆናል፤ ግልገል ግቤ ትልቅ ድንጋይ አልፎ ሲወርድ ከድንጋዩ ኋላ ውሃው ሲሽከረከር አይተህ ታውቅ ይሆናል፣ እሱ ነው። እሽክርክሪቱ በሰከንድ ደጋግሞ ሄልሜትህን ከዚህም ከዚያም ይመታዋል። መስታወት ሳይኖርህ ጭንቅላትህ ንጹሕና ያልተሰበረ ንፋስ ውስጥ ነበር፤ ግፊቱ ይበዛል፣ መናጡ ግን የለም። ከጅሬን ያለው ወንድማችን በዚህ በኩል ትክክል ነው።

ስለዚህ ንፋሱ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ ነው ብለህ አትጨነቅ። ማወቅ ያለብህ የተሰበረው አየር በየት ከፍታ ላይ እንደሚያልፍ ነው። አንተ ጋ ልክ ሄልሜትህ ላይ ነው የሚያልፈው። ወይ ከራስህ በላይ ታሳልፈዋለህ፣ ወይ ከትከሻህ በታች ታወርደዋለህ። ዲፍሌክተር የመጀመሪያውን ነው የሚያደርግልህ።

የአጋሮ መንገደኛ

ወንድሜ ጀዛከላህ፣ አሁን ገባኝ። ስንት ሴንቲ መጨመር እንዳለብኝ ግን በምን አውቃለሁ? ከውጭ የሚያዘው መጠኑ ብዙ ዓይነት ነው።

ጋሽ ሄርማታ

ልጄ፣ እኔ ሄርማታ አካባቢ ሞተር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት በነጻ የሚሠሩትን ጨርስ።

በመጀመሪያ መስታወቱ የታሰረባቸውን ክንዶች ያዝና አወዛውዛቸው። ጎሚኒው አልቆ ብረት ከብረት ከተገናኘ መስታወቱ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ንፋሱን ይበጠብጠዋል። የመሪውን ኩሽኔትም አሳይ። መሪ ላይ የታሰረ መስታወት የያዘውን ንፋስ ሁሉ ለመሪው ነው የሚሰጠው፣ ኩሽኔቱ ከላላ ፍጥነት ላይ መሪው መወዛወዝ ይጀምራል። እሱን ሳታይ ተጨማሪ ነገር ጫፉ ላይ አትስቀል።

ሁለተኛ፣ ከመብራቱ በላይ ያለውን የመስታወቱን የታች ጠርዝ ተመልከት። አብዛኛው ሰው ብርድ እንዳይገባ ብሎ መብራቱ ላይ ድፍን አድርጎ ያስቀምጠዋል። ብሎኑን ላላ አድርግና መስታወቱን ወደ ላይ ገፋ፣ ከስር ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። አየር ከስር ሲገባ የኪቶው ልጅ ያለው ኪስ ይሞላል፣ ከላይ የሚመጣውም ያን ያህል አይጠማዘዝም። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ ምንም ሳይገዛ ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ ጋደል ማለቱ። መስታወቱን ትንሽ ወደ ራስህ ስታጋድለው አየሩ ለስለስ ብሎ ይወጣል፣ ግን ዝቅ ብሎ ያልፋል። ቀጥ ስታደርገው ከፍ ብሎ ያልፋል፣ ግን ይበልጥ ይሰበራል። በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ቀይርና ንዳ። ሁሉንም ባንዴ ከነካካህ የቱ እንደሠራልህ አታውቅም።

ኪቶ ፉርዲሳ

ጋሼ ያሉትን ካደረግክ በኋላ ልኬቱን እንዲህ ታገኘዋለህ። ቀጥ ያለ፣ መኪና የማይበዛበት ቦታ ላይ በሚንጥህ ፍጥነት እየነዳህ መጀመሪያ ከመቀመጫው ብድግ በል። ሄልሜትህ ከእሽክርክሪቱ በላይ ሲወጣ ድምፁ ይለወጣል፣ መናጡ ቀርቶ ወጥ ንፋስ ይሆናል። ከዚያ ተመልሰህ ጎንበስ በል። የሆነ ቦታ ላይ ድንገት ጸጥ ይላል። ቀና ካልክበት እስከዚያች ቦታ ስንት ጣት ዝቅ እንዳልክ ልብ በል። አየሩን ከፍ ማድረግ ያለብህ ያንን ያህል ነው።

ብድግ ስትልም ጎንበስ ስትልም ምንም ለውጥ ከሌለ ችግሩ የመስታወቱ ጫፍ አይደለም። ከጎን ወይም ከስር የሚመጣ ነው፣ ዲፍሌክተር አይፈታልህም።

ሸገር–ጅማ

ከአዲስ አበባ ጅማ የሚያመላልስ ሥራ ስላለኝ 350 ኪሎ ሜትሩን አውቀዋለሁ። ትንሽ ከፍ ያለ ሞተር ነው የምነዳው። ጫፍ ላይ የሚቆነጠጠውን ተጠቅሜያለሁ፣ ይሠራል። የጣሊያኑ ጊቪ፣ የስፔኑ ፑይግ፣ የጀርመኑ ኤምአርኤ ሁሉም የራሳቸው አላቸው። አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፦ ሁለት መቆንጠጫ መስታወቱን በጎማ ትራስ ይይዘዋል፣ ከላይ ያለችው ትንሽ ክንፍ በመገጣጠሚያ ወደ ላይ ወደ ታች ትላለች፣ ማዘንበያዋም ይለወጣል። ላሚናር ሊፕ የሚባለው የአሜሪካው ደግሞ መቆንጠጫ የለውም፤ ከመስታወቱ ፊት ክፍተት ትቶ በማጣበቂያ ይያዛል፣ አየሩ በክፍተቱ በኩል ያልፋል።

ሰዎች የማያውቁት ነገር ክፍተቷ ናት። ክንፏ መስታወቱ ላይ ድፍን ብላ ከተለጠፈች መስታወትህን አስረዘምከው ማለት ነው፣ ያው እሽክርክሪት ከፍ ብሎ ይመጣል። በመካከል ሁለት ሦስት ሴንቲ ክፍተት ሲኖር ግን በዚያ የሚያልፈው አየር ከኋላ ያለውን ኪስ ይሞላዋል፣ ከላይ የሚያልፈውም ሳይጠማዘዝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስትገጥም መጀመሪያ የክንፏን ማዘንበያ ከመስታወቱ ጋር አንድ መስመር አድርገው። ካልበቃህ ትንሽ ትንሽ እያልክ ቀጥ አድርጋት።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። ከወልቂጤ ወጥተህ ግቤ በረሃ ስትወርድ ሙቀቱ ሌላ ነው። ሸለቆው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከንፋስ ከተከለልክ ጃኬትህ ውስጥ ትበስላለህ። የሚቆነጠጠው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ትነቅለውና ሻንጣ ውስጥ ትከተዋለህ፣ አበልቲ ዳገቱን ወጥተህ ሲበርድህ መልሰህ ትገጥመዋለህ።

ከጅሬን

ጥሩ፣ የሚነቀል ከሆነ አልቃወምም። ፒስታ ስትገባ ንቀለው። ከተማ ውስጥም ስታቆም አትተወው፣ በእጅ የሚፈታ ነገር እጅ ያለው ሁሉ ይፈታዋል።

የዴዶ ሲስተር

ሰላም ወንድሞቼ። ጤና ባለሙያ ነኝ፣ ዴዶ በሞተር እመላለሳለሁ። ስለ መስታወቱ እናንተ ተናገሩ፣ እኔ ጠያቂያችን ስለ ጆሮው የጻፈው ነው ያሳሰበኝ። ከሞተር ወርደህ ጆሮህ ውስጥ ጩኸት የሚቀርህ ከሆነ ጆሮህ እየተጎዳ ነው ማለት ነው። ይህ ጉዳት ደግሞ ተጠራቅሞ የሚመጣ ነው፣ አንዴ ከሄደ አይመለስም።

ለጆሮ አደገኛ የሚባለው መነሻ 85 ዴሲቤል በቀን ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት። ሄልሜት ውስጥ ያለው የንፋስ ድምፅ በአውራ ጎዳና ፍጥነት ከ90 በላይ ይወጣል፣ የሚናጥ ንፋስ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልስ፣ በየቀኑ፣ አስቡት።

ከፋርማሲ የሚገዛ ለስላሳ የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ አለ፤ በጣትህ ጠቅልለህ ጆሮ ውስጥ ታስገባዋለህ፣ እዚያ ይነፋል። ጥሩምባ አልሰማም ብላችሁ አትፍሩ። ጥሩምባውን የሚሸፍነው የንፋሱ ጩኸት ነውና እሱ ሲቀንስ የቀረው ይበልጥ ይለያል።

ሌላው ሄልሜቱ ራሱ ነው። አብዛኛው ድምፅ የሚገባው ከስር፣ በአንገት በኩል ነው። እኔ ሂጃቤ ከሄልሜቱ ስር ስለሚሆን ክፍተቱን ይዘጋልኛል፣ ልዩነቱን ሳወልቀው ነው የማውቀው። አንተ ሻርፕ ወይም ነጠላ አንገትህ ላይ ጠምጥም፣ ጫፉን ግን ጃኬትህ ውስጥ ክተተው፣ ተፈትቶ ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ። ሄልሜትህን አጥብቀህ ጉንጭህ ጋ ጣትህን አስገባ፤ ጣት እንደ ልብ የሚገባ ከሆነ ሰፍቶሃል። የሰፋ ሄልሜት ትንሹን እሽክርክሪት ትልቅ ያደርገዋል፣ ስትወድቅም አያድንህም።

የአጋሮ መንገደኛ

ሲስተር አላህ ይስጥሽ። ስለ ጆሮ እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም። መድፈኛውን ነገ እገዛለሁ፣ ሄልሜቱንም አያለሁ።

ማስታወቂያ ቤት

ሰላም፣ እኔ የማስታወቂያ ሥራ ነው የምሠራው፣ ፕላስቲክ ሳጥፍና ስቆርጥ ነው የምውለው። ከውጭ ማዘዝ ለጅማ ሰው ጊዜም ዋጋም ነው፤ ክንፏን እዚሁ መሥራት ይቻላል። ግን ዕቃውን ለይታችሁ እዘዙ።

ማስታወቂያ ላይ የምንጠቀመው አብዛኛው አክሪሊክ ነው። ጥርት ያለ ነው፣ ፀሐይ አያቢጨውም፣ ግን ሲመታ እንደ ስለት ሆኖ ይሰበራል። ፖሊካርቦኔት ግን ይታጠፋል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም፤ ለፊትህ ቅርብ ለሆነ ነገር እሱን ምረጥ። ጉዳቱ ቶሎ መጫሩ ነው፣ መከላከያ ቅብ የሌለው ደግሞ በፀሐይ ይቢጫል። ነጋዴው የቱ እንደሆነ ካላወቀ ቁራጭ ለምነህ ሳታሞቀው እጠፈው፦ አክሪሊክ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ፖሊካርቦኔት ይጎብጣል።

ውፍረቱ 3 ሚሊ ይበቃል፣ ክንፏ ሰፊ ከሆነች 4። አጎብጠው ካልከኝ አክሪሊክ ከ150 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ይለሰልሳል፣ እንደፈለግክ ታደርገዋለህ። ፖሊካርቦኔት ግን እርጥበት ከያዘ ሲሞቅ ውስጡ አረፋ ያወጣል፤ በክረምት የጅማን አየር ታውቀዋለህ፣ መጀመሪያ መድረቅ አለበት። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አክብበህ አለስልሰው፣ ማዕዘኖቹም ክብ ይሁኑ። ሹል ማዕዘን ስንጥቅ የሚነሳበት ቦታ ነው፣ ስትወድቅም የሚቆርጥህ እሱ ነው።

ጋሽ ሄርማታ

እኔም ልጨምር። ፕላስቲክ ስትበሱ በትራፓኖ አትቸኩሉ። ቀስ ብሎ፣ ከኋላው እንጨት ተደግፎ ነው የሚበሳው። ቀዳዳው ከብሎኑ ትንሽ ሰፋ ይበል፤ ፕላስቲክ በሙቀት ይለጠጣል፣ መላወሻ ካጣ ከቀዳዳው ይሰነጠቃል። በሁለቱም በኩል የጎሚኒ ሮንደላ አድርጉ። ዳዶውን የሚያጠብቅ ሰው ሁሉ እስኪያቅተው ያጠብቃል፤ ጎሚኒው ትንሽ ሲጨመቅ አቁሙ። የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ የምትጠቀሙም አላችሁ፣ እሱ ፖሊካርቦኔት ላይ ከነካ ሳይውል ሳያድር ይሰነጥቀዋል። ከውስጡ ፕላስቲክ ያለበት ዳዶ ተጠቀሙ፣ እሱ ሳይላላ ይቆያል።

ኪቶ ፉርዲሳ

ከመቁረጥህ በፊት ግን በካርቶን ሞክር። የፈለግከውን ቁመት ቆርጠህ በሰፊ ፕላስተር መስታወቱ ጫፍ ላይ ለጥፈው። ካርቶን አያሳይምና ከዓይንህ መስመር በታች መቅረት አለበት፣ በቀን ብቻ፣ ዝናብ በሌለበት። ተነቅሎ እንዳይመታህ በደንብ ይያዝ። እየነዱ እጅን ከመስታወቱ ጫፍ በላይ ዘርግቶ መሞከርን የሚመክሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ አንድ እጅህን ከመሪ ለቀህ በ80 ላይ አታድርገው።

የዴዶ ሲስተር

ይህንን እደግፋለሁ። በአንድ እጅ አይነዳም።

የአጋሮ መንገደኛ

ቤተሰብ፣ ያላችሁኝን በተራ አደረግኩ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

የመሪው ኩሽኔት ደህና ነው። ከክንዶቹ የግራው ጎሚኒ አልቆ ነበር፣ ተቀየረ። የመስታወቱ የታች ጠርዝ ልክ ጋሼ እንዳሉት መብራቱ ላይ ድፍን ብሎ ተቀምጦ ነበር። ከፍ አድርጌ ክፍተት ስተው ከኋላ ወደፊት ይገፋኝ የነበረው ነገር ጠፋ። እስከዚያ ቀን ያ ግፊት የጀርባ ሻንጣዬ ይመስለኝ ነበር። መናጡ ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ከዚያ ወደ አጋሮ የሚወስደው መንገድ ላይ ቀጥ ያለ ቦታ መርጬ ብድግ ብዬም ጎንበስ ብዬም ሞከርኩ። ሁለቱም ጋ ጸጥ አለ። ጎንበስ ስል አራት ጣት ያህል ዝቅ ካልኩ በኋላ ነው ዝም የሚለው። በካርቶን ጀመርኩ፤ ድፍን አድርጌ ስለጥፈው መናጡ ከአፍንጫዬ ወደ ግንባሬ ወጣ እንጂ አልሄደም። ክፍተት ትቼ በሁለት የእንጨት ቁራጭ ላይ ሳስቀምጠው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ሸገር–ጅማ ወንድሜ፣ ያልከው ክፍተት እውነት ነው።

ማስታወቂያ ቤት ወንድማችን ጋ ሄጄ ቆርጦ ሠራልኝ። የፖሊካርቦኔት ክንፍ ናት፣ ስፋቷ 30 ሴንቲ፣ ቁመቷ 9። ከመስታወቱ በ2 ሴንቲ ተኩል ትርቃለች። በሁለት ጠፍጣፋ ብረትና በጎሚኒ ነው የተያዘችው፣ ጋሼ ናቸው ያሰሩልኝ። ማዘንበያዋን ከመስታወቱ መስመር ትንሽ ቀጥ አድርገናታል። አሁን 80 ላይ ሄልሜቴ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ድምፁ አለ፣ ግን አንድ ወጥ ሹሹታ ነው፣ ከመድፈኛው ጋር ሲሆን ደግሞ የሞተሩን ድምፅ መስማት ጀመርኩ። ሲኖትራክ ፊት ለፊት ሲያልፈኝ ያው ይመታኛል፣ እሱን የሚከለክል ነገር የለም።

ሸገር–ጅማ

ማሻአላህ። ጫፏ ዓይንህ ጋ ስንት ላይ ነው የምትደርሰው? በእሷ ውስጥ አሳልፈህ እያየህ እንዳይሆን።

የአጋሮ መንገደኛ

አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ናት፣ መንገዱን በላይዋ ነው የማየው።

ሸገር–ጅማ

እንደዚያ አቆያት፣ ከፍ አታድርጋት። በማታ ዝናብ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ጠብታዎቹ ላይ ሲበተን በፕላስቲክ ውስጥ ምንም አይታይም። የሄልሜት መስታወት ሲጨልም ከፍተህ ታያለህ፣ ይሄኛውን መክፈት አትችልም።

ቦሳ ኪቶ ባለሞተር

ይቅርታ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። እኔ አጭር ነኝ፣ 1 ሜትር ከ64። ያው ዓይነት መስታወት ነው ያለኝ፣ ጫፉ አፍንጫዬ ጋ ይደርሳል፣ እኔንም ይንጠኛል። እኔም ክንፍ ልጨምር?

ኪቶ ፉርዲሳ

አንተ ጋ ክንፍ ከጨመርክ በፕላስቲክ ውስጥ ማየት ትጀምራለህ፣ እሱ አይሆንም። መጀመሪያ የስር ክፍተቱን ክፈትና የብድግ–ጎንበሱን ሙከራ አድርግ። ብድግ ስትል ቶሎ ጸጥ የሚልልህ ከሆነ መስታወቱን ማሳጠር ነው የሚሻልህ፤ እሽክርክሪቱ ደረትህ ላይ ይወርዳል፣ ሄልሜትህ ንጹሕ ንፋስ ያገኛል። ደረት ብዙ አይጎዳም፣ ጭንቅላት ነው የማይችለው።

ማስታወቂያ ቤት

ለማሳጠር በመጋዝ ራስህ አትቁረጠው፣ ይሰነጠቃል። ይዘኸው ና።

ቦሳ ኪቶ ባለሞተር

እሺ፣ አመሰግናለሁ። ከኋላዬ ባለቤቴን ጭኜ ስሄድስ? እሷ ጋ ንፋሱ ይብሳል ትላለች።

ጋሽ ሄርማታ

ልክ ናት። ከአንተ ራስ በላይ ያለፈው አየር እሷ ላይ ነው የሚወርደው። ለአንድ ሰው የተስተካከለ ለሁለት ሰው አይሆንም። ወደ አንተ ተጠግታ ትቀመጥ፣ ሄልሜቷ የእሷ ልክ ይሁን፣ አንተም ፍጥነትህን ወደ 60 አውርደው። ከላይ ልጁ እንዳሰላው ከ90 ወደ 60 ስትወርድ የንፋሱ ጉልበት ከግማሽ በታች ይሆናል፣ ለእሷ ከማንኛውም ፕላስቲክ የሚበልጥ ነው።

የአጋሮ መንገደኛ

ጋሼ አንድ ጥያቄ ብቻ። ክንፏ ላይ የጌራ ቀይ ጭቃ ደርቆ ተጣብቋል። ልጆቹ ሞተር ሲያጥቡ በቤንዚን ጨርቅ ነው የሚወለውሉት። ምን ላድርግ?

ጋሽ ሄርማታ

ቤንዚን እንዳያስነኳት! ፖሊካርቦኔት በቤንዚን ይነጣል፣ ከዚያ በብሎኑ ዙሪያ ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣል። የቤት መስታወት ማጽጃ ከአሞኒያ ጋር ያለውም እንደዚያው ነው፣ የፍሬን ዘይትም ጠብ እንዳይልባት። መጀመሪያ ብዙ ውሃ አፍስስበት፣ ጭቃው ይራስ፤ በደረቁ ከጠረግከው አሸዋው ይጭረዋል። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ውሃ እጠባት፣ አለቅልቃት፣ ጥላ ላይ ትድረቅ። ስትጨርስ ዳዶዎቹን በእጅህ ነካ ነካ አድርጋቸው፤ የጌራ ፒስታ ያላላው ካለ ያን ጊዜ ታገኘዋለህ።